የባዮጋዝን ሽታ፣ ውሃና የማይነድ ጋዝ እንዴት እንለያለን? ደረጃ በደረጃ

"መምህር፣ ጋዙ እኮ ይሸታል። ምድጃውንም ዝገት በልቶ ጨረሰው። ምን ይሻላል?"

ገበያ ቀን እጄን ይዞ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። ከመራዊም ከቡሬም ከደምበጫም ይደወልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱ ግን በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ጽፌዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንን ነው የምልከው።

በቧንቧችሁ የሚመጣው ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ፣ አንድ ጋዝ አይደለም፣ ድብልቅ ነው። የሚነደው ሚቴን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይሆናል። የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እሱ አይነድም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ግን ምድጃ የሚበላው፣ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። በላዩ ላይ የውሃ እንፋሎት አለ።

ጋዝን በወንፊት አንለይም። እያንዳንዱን የሚይዝ ነገር እንፈልጋለን። እንፋሎትን ቅዝቃዜ ይይዘዋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ዝገት ይይዘዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ኖራ ይይዘዋል። ሚቴን ግን ለሦስቱም አይያዝም። ሌሎቹ ሲቀሩ እሱ አልፎ ይሄዳል። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው። ከባዱ ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ይህን ወስኑ

ጋዙ ለምንድን ነው የሚያገለግላችሁ? ለወጥና ለቡና ምድጃ ከሆነ ውሃውንና ሽታውን ብቻ አውጡ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አትንኩት።

ለምን እንደምል በሒሳብ ላሳያችሁ። በቀን 2 ሜትር ኩብ ጋዝ ታገኛላችሁ እንበል። 35 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን 700 ሊትር ነው። ይህን ለመያዝ እንደኛ ባለ ደጋ አገር በቀን 1.7 ኪሎ ገደማ ኖራ ያልቃል። በየቀኑ! በውሃ ልጠበው ካላችሁ ደግሞ በቀን ከ2,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል፤ ከ100 ጀሪካን በላይ ማለት ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ጋዙን በከፍተኛ ግፊት አምቀው ስለሚያጥቡት ውሃው ብዙ ይይዝላቸዋል። እናንተ ቤት ያንን መሞከር ራስን ማጥፋት ነው። የፍሪጅ ሞተር ተጠቅሞ ባዮጋዝ ሲሊንደር ውስጥ የሚሞላ ሰው ካያችሁ ከአጠገቡ ራቁ።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መለየት የሚያስፈልገው ለትምህርት ቤት ሙከራ ወይም የጋዛችሁን ጥራት ለመለካት ነው። እሱንም ከታች አሳያለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 11 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከሁለት ክዳን ጋር
- 4 ቫልቭ፣ 3 ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ)፣ ማገናኛ ኒፕሎች፣ ቴፍሎን፣ የቱቦ ማስቲሽ
- 2 ኪሎ ገደማ የብረት ፍቅፋቂ ከቶርኖ ቤት (የተጠቀለለው ቀጭኑ ይሻላል)
- 1 ሊትር አቼቶ፣ አንድ እፍኝ ጨው፣ የእንጨት አመድ
- የታጠበ ጠጠር
- ውሃ የጠጣ ነጭ ኖራ፣ ግማሽ ኪሎ ይበቃል
- ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ መርፌው
- ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ
- ሳሙና፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
- የተላጠ የመዳብ ኤሌክትሪክ ሽቦ

ሳትጀምሩ የምታነቡት ማስጠንቀቂያ

ሽታውን በአፍንጫችሁ አትለኩ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ከፍ ሲል ማሽተትን ያደነዝዛል። "አሁን ጠፋ" ያላችሁበት ሰዓት የባሰበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ማብላያው (እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ) ውስጥ ወይም መውጫ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ሰው ወድቆ ብታዩ እንኳ ተከትላችሁ አትግቡ።

ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይፈነዳል። ሥራው ሁሉ ከቤት ውጭ ይሁን። ሲጋራም፣ ኩራዝም፣ የቡና ከሰልም አጠገቡ አይኑር።

ደረጃ 1፦ ጋዛችሁን ለኩ

ያልለካችሁትን አትጠግኑ። ምድጃው ደካማ ነው ብሎ ማጣሪያ የሚሠራ ሰው አለ፤ ችግሩ ግን ማብላያው ሆኖ ይገኛል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ኖራ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ወተት ይመስላል። ከላይ የጠለለውን ውሃ ብቻ ቀድታችሁ አትጠቀሙ፣ ድፍርሱ ያስፈልጋችኋል። የጠለለው የኖራ ውሃ በሊትር 2 ግራም የማይሞላ ኖራ ነው የያዘው፣ ለዚህ ልኬት አይበቃም።

የስሪንጁን መግፊያ በሳሙና ውሃ አርጥቡት። ከቱቦው ጋዝ ስባችሁ ሁለት ጊዜ ድፉት፣ ውስጡ አየር እንዳይቀር። ከዚያ ልክ 40 ሚሊ ሊትር ሙሉና ጫፉን በጣት ድፈኑ። ጫፉን ድፍርሱ ውስጥ ንከሩና 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሳቡ። እንደገና ድፈኑት። ጓንት አድርጉ፣ ኖራ ቆዳ ይበላል። አሁን 2 ደቂቃ በደንብ ናጡት።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን መግፊያው ላይ አድርጉ። ማንም ሳይነካው ወደ ውስጥ ይሄዳል። መጀመሪያ ሳሳያቸው ተማሪዎቼ "ማን ገፋው?" ብለው ተንጫጩ። ማንም አልገፋውም። ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለያዘው ቦታው ባዶ ሆኖ ነው፤ የውጭው አየር ገፋው።

ጫፉን ድፍርሱ ውስጥ መልሳችሁ ጣታችሁን ልቀቁ። ፈሳሽ ይገባል። ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ የቀረውን ጋዝ ብቻ አንብቡ። 26 ሚሊ ሊትር ከቀረ 26ን ለ40 ስታካፍሉ 65 በመቶ ይሆናል። የሚቴናችሁ መጠን በግምት ይኸው ነው።

- ከ50 በታች ከሆነ ማጣሪያ አያድናችሁም። ምናልባት እበቱን አብዝታችሁ ጨምራችኋል፣ ወይም ማብላያው ገና አዲስ ነው። አዲስ ማብላያ መጀመሪያ የሚሰጠው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም።
- ከ75 በላይ ካነበባችሁ አትደሰቱ። አየር ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አየርንም ኖራ ስለማይይዘው ሚቴን መስሎ ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ ውሃውን አውጡ

ጋዙ ከማብላያው ሞቅ ብሎ፣ በእንፋሎት ጠግቦ ይወጣል። ሌሊት ቧንቧው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጤዛ ይሆናል። የደብረ ማርቆስ የክረምት ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ መንገድ ሲዘጋ ምድጃው ላይ እሳቱ ይዘላል፣ "ፕፍ ፕፍ" ይላል።

1. ቧንቧው በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። መሐል ላይ የተንጠለጠለ ሆድ አይኑረው።
2. ከሁሉም ዝቅ ያለው ቦታ ላይ አንድ ቲ ግጠሙ። ወደ ታች የሚወርደው እግሩ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጫፉ ላይ ቫልቭ ይኑረው።
3. በሳምንት አንድ ቀን ክፈቱት። በክረምት በሦስት ቀን አንዴ። ውሃው ወርዶ ጋዝ "ሽ" ሲል ወዲያው ዝጉ።

ከዚህ በላይ አታድርቁት። ምክንያቱን ቀጥሎ ታያላችሁ።

ደረጃ 3፦ ዝገት ሥሩ

አዎ፣ ዝገት። ሁሉም ሰው ዝገትን ይሸሻል፣ እኛ እናመርታለን። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ዝገትን ሲያገኝ ድኝ ያለው ጥቁር ነገር ሆኖ እዚያው ይቀራል። የሚያብረቀርቅ ብረት ይህን በደንብ አይሠራም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ስሠራ ከቶርኖ ቤት እንደመጣ ጠቅጥቄ አስገባሁት። ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ፍቅፋቂው ላይ የማሽን ዘይት ነበረበት፤ ዘይት የነካው ብረት ደግሞ አይዝግም።

1. ፍቅፋቂውን በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡ። ውሃ ላዩ ላይ እንክብል ከሠራ ዘይቱ አልወጣም፣ ድገሙት። እጃችሁን ይቆርጣል፣ ጓንት አትርሱ።
2. አቼቶውንና ጨውን ደባልቃችሁ አርከፍክፉበት።
3. የማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስጡት። ጠዋትና ማታ ውሃ እርጩበት፣ አገላብጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ መራዊ አፈር ቀይ ይሆናል። ሁሉም ካልቀላ ታገሡ።
4. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ከዚያ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ረጭታችሁ እርጥብ እንዳለ ተውት። አሲድ ከቀረበት የተያዘውን ሽታ መልሶ ይለቀዋል። አመዱ ይህን ይከለክላል።

አደጋ፦ ቶሎ ይዝግልኝ ብላችሁ በረኪና ከአቼቶ ጋር እንዳትደባልቁ። የሚወጣው ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል።

"ቀይ አፈር ራሱ ብረት አለበት፣ ለምን እሱን አልጠቀምም?" ያለኝ ብልህ ገበሬ ነበር። እውነቱን ነው፤ ቀይ አፈር የብረት ዝገት አለበት፣ ይሠራልም። ችግሩ ሲረጥብ ጭቃ ሆኖ ጋዙን መዝጋቱ ነው። ከሞከራችሁ ከገለባ ጋር አቡኩት፣ ትንንሽ ድብልብል ሠርታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ እርጥበት ስጡት። እኔ ግን ፍቅፋቂውን እመርጣለሁ።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያውን አሰናዱ

ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ የዛገውን ፍቅፋቂ ሙሉ። በእጅ ጫን ጫን አድርጉት እንጂ አትርገጡት። ክዳኑን ገጥማችሁ በአፍ ንፉበት። ትንፋሻችሁ ያለ ትግል ካለፈ ጥሩ ነው። ይህን ማድረግ የሚቻለው ጋዝ ሳይነካው ብቻ ነው፣ በኋላ አፋችሁን አታስጠጉት።

ጋዙ ከላይ ይግባ፣ ከታች ከጠጠሩ በኩል ይውጣ። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ፍቅፋቂውን እያረጠበ ይሄዳል። ለውሃው ከግርጌ አንድ ቫልቭ ተዉለት። የታችኛውን ክዳን በማስቲሽ ለጥፉ። የላይኛውን ግን ጥርስ ያለው፣ እየተጠመዘዘ የሚከፈት አድርጉት፣ ነገ ትከፍቱታላችሁ።

እርጥበት ለምን? ዝገቱ ደርቆ ከሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በደንብ አይያዝበትም። ለዚህ ነው ማድረቂያ ከማጣሪያው በፊት አይገባም የምለው። የሚንጠባጠብ ውሃ ይውጣ፣ እርጥበቱ ይቅር።

ደረጃ 5፦ ግጠሙና አየሩን አውጡ

ማጣሪያው ከኩሽና ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ከውሃ ማስወገጃው ቀጥሎ ይቁም። ከፊቱና ከኋላው ቫልቭ ይኑር፣ ለመክፈት ስትፈልጉ ጋዙን ትዘጋላችሁ።

1. መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እስካሁን አለ፤ እባካችሁ።
2. ቱቦው ውስጥ 5 ሊትር ያህል አየር አለ። ከምድጃው በፊት ያለውን ማገናኛ ደጅ ላይ ፈትታችሁ ቢያንስ 25 ሊትር ጋዝ ልቀቁ። አንድ ጀሪካን ከነትርፉ ማለት ነው። አየሩ ሳይወጣ ክብሪት መጫር እሳቱን ወደ ቱቦው መጋበዝ ነው።
3. ከዚያ አብሩ።

ደረጃ 6፦ መሥራቱን ፈትኑ

ሁለት የመዳብ ሽቦ በአሸዋ ወረቀት አብረቅርቁ። አንዱን ከማጣሪያው በፊት በሚወጣው ጋዝ፣ ሌላውን ከማጣሪያው በኋላ በሚወጣው ጋዝ በሞላ ሃይላንድ ውስጥ አንጠልጥሉና ክዳኑን ዝጉ። ሁለቱን እኩል ጊዜ ደጅ ላይ አቆዩ። የፊተኛው ይጠቁራል። የኋለኛው እንዳብረቀረቀ ከቆየ ማጣሪያው ይሠራል። ብርም እንዲሁ ይጠቁራል። አንዲት እናት "ማተቤ ላይ ያለው የብር መስቀል ኩሽና በገባሁ ቁጥር ጠቆረ፣ ምን በደልሁ?" ብለውኛል። በደል አልነበረም፤ የላላ ማገናኛ ነበር።

ደረጃ 7፦ ዝገቱን አድሱ

በወረቀት ሒሳብ 1 ኪሎ ንጹሕ ዝገት ከ600 ግራም በላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይይዛል። በተግባር ላይ ላዩ ብቻ ስለሚሠራ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የኋለኛው ሽቦ መጥቆር ሲጀምር ጊዜው ደርሷል።

ሁለቱንም ቫልቭ ዝጉና ክዳኑን ክፈቱ። ጥቁሩን ፍቅፋቂ ውሃ አርከፍክፋችሁ አውጡት፣ ቆርቆሮ ላይ በስሱ አስጡት። አየር ሲያገኝ ተመልሶ ይቀላል፣ ድኙም እዚያው ይቀራል።

አደጋ፦ ሲታደስ ይሞቃል። ተከምሮ ከቀረ ራሱን አቃጥሎ ሊጨስ ይችላል። ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድ ወይም የሣር ቤት አጠገብ አታስጡት። እኔ አንድ ቀን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ጥዬው ምሳ በላሁ። ስመለስ ከረጢቱ ቀልጦ ፍቅፋቂው መሬት ላይ ይጨሳል። ከዚያ ወዲህ ውሃ በባልዲ ሳልይዝ አልነካውም።

ሁለት ሦስት ጊዜ ካደሳችሁት በኋላ ድኙ ስለሚሸፍነው አዲስ ሥሩ።

ደረጃ 8፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መለየት (ለሚፈልግ ብቻ)

ለክፍል ሙከራ ይህ ይበቃል። ሃይላንዱን ውሃ ሞልታችሁ ባልዲ ውስጥ ዘቅዝቁት። ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ጋዝ በላስቲክ ቱቦ ከሥሩ አስገቡ። ጋዙ ውሃውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ሦስት አራተኛው በጋዝ ሲሞላ ውሃው ውስጥ እንዳለ ክደኑት። አውጥታችሁ ቀጥ አድርጉት፣ ክዳኑን ለአፍታ ገርበብ አድርጋችሁ ሁለት ማንኪያ ኖራ ጨምሩና ቶሎ አጥብቁት። ናጡት። ጠርሙሱ ዓይናችሁ እያየ ይጨማደዳል፣ ጎኑ ይጣበቃል። ውስጥ የቀረው አብዛኛው ሚቴን ነው።

ከምድጃ ቧንቧ ጋር የኖራ ጠርሙስ አገናኝተው ጋዙ በውስጡ እንዲቦቀቦቅ የሚያደርጉ አሉ። ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ፈሳሽ ውስጥ ከገባ 10 ሳንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ተበላ ማለት ነው። ማብላያው ሲጎድል ምድጃው ይጠፋል። ግድ ከሆነ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስጥሙት።

የኖራው ቦታ ሁልጊዜ ከዝገቱ በኋላ ነው። ኖራ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንም ስለሚይዝ ቀድሞ ከተቀመጠ በማይሆን ነገር ያልቃል፣ ዝቃጩም ይሸታል። በጣም ደረቅ ጋዝ የሚፈልግ ሰው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የማድረቂያ እንክብል ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ያስገባ።

አየር ከገባባችሁ በአየሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ ቀዳዳውን ፈልጋችሁ ድፈኑ። ናይትሮጅንን የሚለዩት በሌላ መንገድ ነው። ፋብሪካ አየርን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደርገውና ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ፣ ኦክስጅን በ183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈሉ ይነጥላቸዋል። የሆስፒታል የኦክስጅን ማሽን ደግሞ ናይትሮጅኑን ዜኦላይት በሚባል ባለ ቀዳዳ ማዕድን ይይዘዋል። እኛ ጋ ሁለቱም የሉም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*የሚያብረቀርቅ የድስት ማጠቢያ ሽቦ መጠቀም።* እንዳይዝግ ተብሎ የተሠራ ነው። ዓመት ብትጠብቁትም አይዝግም።

*እሳቱ ቢጫ ሲሆን ማጣሪያ መቀየር።* ቢጫ እሳት አብዛኛውን ጊዜ የአየር ማነስ ነው። መጀመሪያ የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ከፈት አድርጉ፣ የተጠራቀመውን ጥላሸት ጥረጉ።

*የእርሻ ኖራ መጠቀም።* በእኛ አካባቢ ይህ አንደኛው ነው። ለአሲዳማ አፈር የሚሰጠው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከመጀመሪያውም ይዞታል። የጠገበን ሰው ብላ እንደማለት ነው። የሚያስፈልገው ድንጋዩ ተቃጥሎ ውሃ የጠጣው ነው። ለመለየት በውሃ በጥብጡት፣ ይጥለል፣ የጠለለውን ቀድታችሁ በስትሮ ትንፋሽ ንፉበት። ወተት ከመሰለ ትክክለኛው ነው። ምንም ካልሆነ የእርሻው ነው። ስትነፉ ወደ ውስጥ እንዳትስቡ። ተቃጥሎ ውሃ ያልጠጣ ኖራ ካጋጠማችሁ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ፊታችሁን አርቁ።

*ያለቀውን ኖራ መጣል።* ሥራውን የጨረሰ ኖራ መልሶ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሆኗል፤ ያው ለእርሻ የሚሰጣችሁ ዓይነት ማለት ነው። ከዝገቱ በኋላ የነበረ ከሆነና ካልሸተተ፣ ጥቂት ቀን ደጅ አስጡትና ከዝናቡ በፊት አሲድ ያጠቃው የእርሻችሁ ጥግ ላይ በትኑት።